250 ኪሎ ብረት የተንጠለጠለበት ካቦ፦ የአሮጌ ሸራ ጀልባ የኪል ካቦ አቀያየር

በካታሊና 22 የሸራ ጀልባ ሆድ ሥር 250 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የብረት ኪል፣ ማለትም ከጀልባው ሆድ ወደ ውሃው የሚወርድ ከባድ ክንፍ፣ አለ። ይህን ብረት ወደ ላይ ስቦ የሚይዘው ውፍረቱ 5 ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ አንድ ካቦ ነው። ካቦው የሚሠራው ውሃ ውስጥ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ማንም ጎንበስ ብሎ በማያየው ጠባብ ቦታ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ጀልባ ገዝቶ ሸራውን ይቀይራል፣ ቀለም ይቀባል፣ ወንበሩን ያለብሳል፤ ካቦውን ግን የሚያስታውሰው ሲበጠስ ነው። አሮጌ ጀልባ የገዛ ሰው መጀመሪያ ገንዘቡን ማውጣት ያለበት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን የምጽፈው በተለይ አሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖች ነው። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ ላሉት የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ቅርባቸው ነው፤ አነስተኛ አሮጌ የሸራ ጀልባ ደግሞ ከአሮጌ መኪና ባነሰ ዋጋ ሲሸጥ ይታያል። ዋጋው ርካሽ የሆነበትን ምክንያት ግን ከውሃው መስመር በታች ወርዶ መመልከት ያስፈልጋል።

ካታሊና 22ን ምሳሌ ያደረግሁት በብዛት ስለሚገኝ ነው። ፍራንክ በትለር እ.ኤ.አ. በ1969 ካሊፎርኒያ ውስጥ ካታሊና ያችትስን መሠረተ፤ ይህች ጀልባም ከኩባንያው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዷ ናት። ከ15,000 በላይ ተሠርታለች፤ በአሜሪካ ሐይቆችና ወደቦች ዛሬም ትታያለች። አሠራሩ ከገባዎ ሌሎችም ተነሽ ኪል ያላቸው ጀልባዎች አያስቸግሩዎትም።

ኪሉ ለምን ይነሳል?

ኪል ሁለት ሥራ አለው። ሸራው ከጎን የሚመጣውን ነፋስ ሲቀበል ጀልባው ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ውሃውን ይዞ ይከላከላል፤ በክብደቱ ደግሞ ጀልባው ሲያጋድል መልሶ ያቆመዋል። በካታሊና 22 ላይ ኪሉ ብቻውን ከጀልባው አጠቃላይ ክብደት ሩብ ያህሉን ይይዛል።

ኪሉ ሙሉ በሙሉ ሲወርድ ጀልባው 1.5 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ውሃ ይፈልጋል። ሲነሳ 60 ሳንቲሜትር ይበቃዋል። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። የቼሳፒክ አማካይ ጥልቀት 6.5 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ዳር ዳሩና ወንዞቹ የሚገቡበት አፍ ደግሞ ከዚያም በጣም ያነሰ ነው። ኪሉን ማንሳት የሚችል ሰው ሌሎች የማይደርሱበት ጥግ ይደርሳል፤ ጀልባውንም በተሳቢ ላይ ጭኖ ቤቱ ይወስደዋል።

ኪሉ ከፊት በኩል ባለ ወፍራም ፒን ላይ ይዞራል፣ በር በማጠፊያው ላይ እንደሚዞር። ካቦው ከፒኑ ራቅ ብሎ ወደ ኋላ ባለው የኪሉ ጠርዝ ላይ ይታሰራል። ከዚያ በጀልባው ወለል ላይ ባለ ቀዳዳ ሽቅብ ወጥቶ በጎማ ቱቦ ውስጥ ያልፍና፣ አቅጣጫውን በሚያስቀይረው ማዞሪያ ላይ ታጥፎ፣ ወደ ክፍሉ በሚያስገባው ደረጃ ሥር ካለው ዊንች (በእጀታ እየዞረ ካቦ የሚጠቀልል መሣሪያ) ላይ ይጠመጠማል። የዊንቹን እጀታ ሲያዞሩ ኪሉ ይነሳል ወይም ይወርዳል።

አሁን ጭነቱን እንይ። ኪሉ ቁልቁል ሲቆም ክብደቱን የሚሸከመው ፒኑ ነው፤ ካቦው ላይ የሚያርፈው ጭነት ትንሽ ነው። ወደ ላይ ተነስቶ ወደ አግድም ሲጠጋ ግን ካቦው ከፍተኛውን ጭነት ይሸከማል። በሌላ አነጋገር ካቦው በጣም የሚለፋው በነፋስ ሲጓዙ አይደለም፤ ጀልባው ኪሉን ሰቅሎ ወደብ ላይ ታስሮ ሲያድር፣ ወይም በተሳቢ ላይ ሆኖ መንገድ ሲነጥረው ነው። ባለቤቱ ቤቱ ተኝቶ ጀልባዬ አርፏል በሚልበት ሌሊት ካቦው ሥራ ላይ ነው።

ከተበጠሰ የኪሉ ጫፍ 90 ሳንቲሜትር ያህል ቁልቁል ተወርውሮ ኪሉ ከኪሉ ቤት (በጀልባው ሆድ ውስጥ ኪሉ ከሚገባበት ክፍተት) ጋር ይጋጫል። ውሃው ትንሽ ያለዝበዋል እንጂ አያቆመውም። የተጋጨበት ቦታ ፋይበርግላስ ነው፤ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስንጥቁም ከውሃ መስመር በታች ነው። እንዲህ ካለ በኋላ የሚመጣው ውሃ በባልዲ ላይመለስ ይችላል።

አይዝጌው ለምን ይዝጋል?

አዲስ 5 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ የስቴንለስ (አይዝጌ ብረት) ካቦ ለመበጠስ ከ1,500 ኪሎ በላይ ይጠይቃል። ለ250 ኪሎ ኪል ይህ ከበቂ በላይ ነው። ታዲያ ለምን ይበጠሳል?

ስቴንለስ ብረት የማይዝገው ገጹ ላይ በክሮሚየም አማካይነት እጅግ ቀጭን ሽፋን ስለሚሠራ ነው። ሽፋኑ ሲጫር ራሱን ይጠግናል፤ ለመጠገን ግን ኦክስጅን ይፈልጋል። ውሃ ታጉሮ የሚቆምበት፣ አየር የማይደርስበት ጠባብ ቦታ ሲሆን ሽፋኑ ይፈርሳል፣ ዝገቱም ወደ ውስጥ ይቆፍራል። በካቦ ላይ እንዲህ ያለው ቦታ የት ነው? በክሮቹ መሀል፣ ጫፉ ተጨፍልቆ በታሰረበት እጅጌ (አጭር የብረት ቱቦ) ውስጥ፣ እና በፕላስቲክ በተሸፈነ ካቦ ከሽፋኑ ሥር። ከውጭ የሚያብረቀርቅ ካቦ ከውስጥ ሊያልቅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። በፕላስቲክ የተሸፈነ ካቦ ለዚህ ሥራ አልመክርም። ሽፋኑ የሚከላከል ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን ጨዋማ ውሃን አቅፎ መያዝና ጉዳቱን ከዓይን መሰወር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መታጠፍ ነው። ካቦው ማዞሪያው ላይ በታጠፈና በተቃና ቁጥር ክሮቹ ይደክማሉ፤ አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። ሦስተኛው የብረቶች አለመስማማት ነው። ኪሉ ተራ ብረት፣ ካቦው ስቴንለስ፣ መሀላቸው የጨው ውሃ ሲሆን ተራው ብረት ይበላል። ስለዚህ ካቦው የታሰረበትን የኪሉን ቡሎንና ዙሪያውን ሳይመለከቱ ካቦውን ብቻ መቀየር ግማሽ ሥራ ነው። አዲስ ካቦ የበሰበሰ ቡሎን ላይ የሚያስር ሰው የቀየረው የሚበጠስበትን ቦታ ብቻ ነው።

ምልክቶቹን መለየት ከባድ አይደለም። ካቦውን በወፍራም ጨርቅ ይዘው ያንሸራትቱ፤ ጨርቁን የሚይዝ ክር ካለ ካቦው አልቋል። በባዶ እጅ አይሞክሩት፤ የተበጠሰ ክር እንደ መርፌ ይወጋል። ጫፉ ካለበት እጅጌ ሥር ቡናማ ዝገት ሲፈስ ካዩ፣ አንድ ቦታ ላይ ካቦው ከሌላው ይልቅ ቀጥኖ ወይም አብጦ ካገኙት፣ ወይም ዊንቹን ሲያዞሩ ኪሉ እየዘለለ ከወረደ፣ አይጠብቁ። ምልክት ባይኖርም በጨው ውሃ ላይ ያለ ካቦ በየሁለት ሦስት ዓመቱ፣ በሐይቅ ላይ ያለው ደግሞ በአምስት ዓመት ገደማ ቢቀየር ይሻላል ባይ ነኝ። ጀልባውን ከሰው ሲገዙ ሻጩ «ካቦው መቼ ተቀየረ?» ተብሎ ቁርጥ ያለ መልስ ከሌለው፣ ዛሬ ነው የሚቀየረው ብለው ይነሱ።

ከመነካካቱ በፊት

የዚህ ሥራ አደጋ ከካቦው ሳይሆን ከብረቱ ነው። ሕጉም አንድ ነው፦ ካቦው የሚፈታው ኪሉ የሚወድቅበት ቦታ ሳይኖረው ሲቀር ብቻ ነው። በምንም ምክንያት ሰውነትዎን፣ ጭንቅላትዎን ወይም እጅዎን በካቦ ብቻ ከተንጠለጠለ ኪል ሥር አያስገቡ። ክሪክ ለብቻው ድጋፍ አይደለም፤ ክሪክ ያነሳል፣ የሚይዘው ግን የተደራረበ ጠንካራ እንጨት ነው።

ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው በወደብ ያለውን የጀልባ ማንሻ መጠቀም ነው። ማንሻው ጀልባውን በሰፊ ቀበቶዎች አቅፎ ከውሃ ያወጣዋል፤ ከዚያ ኪሉን በራሱ ዊንች እስከ መጨረሻው ያወርዱታል፣ ታችኛው ጫፉንም በእንጨት ይደግፉታል። አሁን ኪሉ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ስለሆነ ወዴትም አይወድቅም፤ የካቦውም ጫፍ ከጎን በኩል በግልጽ ይታያል። ገንዘብ ያስወጣል። ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ግን ያ ገንዘብ የሚቆጨው አይመስለኝም።

ሁለተኛው በተሳቢው ላይ መሥራት ነው። ተሳቢው ጠፍጣፋ መሬት ላይ ይቁም፤ ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግላቸው። የተሳቢው ምላስ እንዳይነሳ ከመኪናው ጋር እንደተያያዘ ይቆይ። ኪሉ በተሳቢው ላይ ባለው የእንጨት ማረፊያ ላይ ዝቅ ብሎ እስኪቀመጥና ካቦው እስኪላላ ድረስ ዊንቹን ይልቀቁ። ችግሩ በአንዳንድ ተሳቢ ላይ ኪሉ በደንብ ዝቅ ስለማይል የካቦው ጫፍ በእጅ አይደረስም። ያኔ ጀልባውን ራሱን በጀልባ ማቆሚያዎች ከፍ ማድረግ ይጠይቃል፤ ይህን ልምድ ያለው ሰው ሳይኖር ባይሞክሩት እመርጣለሁ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ካታሊና 22 ኪሉን ከጎን ተጭኖ የሚይዝ የመቆለፊያ ቡሎን አላት። ቡሎኑ ጠብቆ ሳለ ዊንቹን ከለቀቁ ኪሉ አይወርድም፤ ካቦው ግን እየተፈታ ይላላል። ከዚያ ቡሎኑን ሲፈቱ ኪሉ በላላው ካቦ ልክ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ስለዚህ እጀታውን ከመንካትዎ በፊት መቆለፊያው መፈታቱን ያረጋግጡ፤ ሁልጊዜ።

ማውጣትና ማስገባት

ካቦው ላልቶ ኪሉም በእንጨት ተደግፎ ሲቆም፣ ታች ያለውን ግንኙነት ይመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ ከኪሉ ጋር የተያያዘ ቀለበት ያለው ቡሎን፣ በእሱ ውስጥ የሚያልፍ ፒን፣ ፒኑም እንዳይወጣ የሚይዘው ቀጭን ስፒና ያገኛሉ። ስፒናውን በፒንሳ አቃንተው ያውጡና ይጣሉት፤ አንዴ የታጠፈ ስፒና ዳግመኛ አይታመንም። ፒኑ ካልወጣ ዝገት የሚያላላ ዘይት ቀብተው ይጠብቁት፤ በመዶሻ መቀጥቀጥ የኪሉን ቡሎን ሊያጣምም ይችላል። ከመፍታትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ሮንዴላው በየትኛው በኩል እንደነበረ በኋላ አይታወስም።

አሮጌውን ካቦ ጎትተው ከማውጣትዎ በፊት በታችኛው ጫፉ ላይ ቀጭንና ጠንካራ ሲባጎ ይሰሩ፤ ቋጠሮውን በፕላስተር አጥብቀው ይጠቅልሉት። ካቦውን ከላይ ሲስቡት ሲባጎው መንገዱን ተከትሎ ይገባል። አዲሱን ካቦ በዚያው ሲባጎ መልሰው ይጎትቱታል። ካቦው ቀድሞ ተበጥሶ ከሆነ ከላይ በቱቦው በኩል ጠንከር ያለ ሽቦ ማውረድ ግድ ነው፤ ይቻላል፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

አሮጌውን አይጣሉት። ከአዲሱ ጎን ዘርግተው ርዝመቱን ያመሳክሩ። ያጠረ ካቦ ኪሉን እስከ መጨረሻው አያወርድም። በጣም የረዘመ ደግሞ ዊንቹ ላይ ተደራርቦ ይጨፈለቃል። ኪሉ ሙሉ በሙሉ ወርዶ ሳለ ካቦው በሚጠመጠምበት የዊንቹ ከበሮ ላይ ቢያንስ ሦስት አራት ዙር መቅረት አለበት፤ የካቦውን ጭነት የሚይዘው የዙሮቹ ሰበቃ እንጂ ጫፉን የያዘው ትንሽ ቡሎን አይደለም።

ስለ ካቦው ዓይነት አንድ ቁጥር ይያዙ፦ 7 በ19። ሰባት ጉንጉን፣ በእያንዳንዱ ጉንጉን 19 ክር፣ በጠቅላላ 133 ቀጫጭን ክሮች ማለት ነው። ክሩ በቀጠነና በበዛ ቁጥር ካቦው ያለ ጉዳት ይታጠፋል። ምሰሶውን ለሚወጥረው ካቦ የሚሸጠው 1 በ19 ይበልጥ ጠንካራ ነው፤ ግትር በመሆኑ ግን ማዞሪያ ላይ ቶሎ ይሰበራል። ሻጩ «ይህ ይበልጥ ይጠነክራል» ቢልዎ አይቀበሉት። ከስቴንለስ ዓይነቶች 316 የሚባለው ሞሊብዲነም ስላለው ጨውን በተሻለ ይቋቋማል፤ በባሕር ላይ ለሚውል ጀልባ እሱን ይምረጡ።

ታችኛው ጫፍ ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚፈልገው ነው። ካቦው በብረት ቀለበት ዙሪያ ታጥፎ በመዳብ እጅጌ ይጨፈለቃል። ለመጨፍለቂያው ልዩ መሣሪያ አለ፤ ተራ ፒንሳ ወይም መዶሻ አይተካውም። የአልሙኒየም እጅጌ ርካሽ ነው፤ ከስቴንለስ ጋር በጨው ውሃ ውስጥ ግን አልሙኒየሙ ቶሎ ይበላል። በብሎንና ዳዶ የሚጠብቁ የካቦ መቆንጠጫዎችም እዚህ ቦታ ላይ አይገቡም፤ ይላላሉ፣ ኪሉ ቤት ውስጥም ይቀረቀራሉ። መሣሪያው ከሌለዎ የሚሻለው ጫፉ በፋብሪካ ተጨፍልቆ የተዘጋጀ ካቦ መግዛት ነው። ለካታሊና 22 በልኩ ተሠርቶ ይሸጣል።

ባለ ሠራሽ ክር ገመድ፣ ዳይኒማ የሚባለውን፣ የሚጠቀሙም አሉ። አይዝግም፣ ጥንካሬውም በተመሳሳይ ውፍረት ካለው የብረት ካቦ አያንስም። ክብደቱ ትንሽ ለሆነ ኪል ጥሩ ምርጫ ነው። ጠላቱ ሻካራ ጠርዝ ነው፤ በሃምሳ ዓመት ጀልባ ሆድ ውስጥ ደግሞ ሻካራ ጠርዝ አይጠፋም። ለ250 ኪሎ ብረት እኔ ካቦውን አልለቅም።

ቱቦውና ዊንቹ

ካቦው የሚያልፍበት የጎማ ቱቦ ተራ ነገር ይመስላል። የታችኛው ጫፉ ግን ከውሃ መስመር በታች ነው። ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም የሚያጠብቁት ፋሼታዎች ዝገው ከተበጠሱ ውሃ በቀጥታ ወደ ጀልባው ይገባል፤ ካቦው ምንም ሳይሆን ጀልባው ሊሰምጥ ይችላል። ስለዚህ ካቦ ሲቀየር ቱቦውም ፋሼታዎቹም አብረው ይቀየራሉ። ካቦው ከመግባቱ በፊት ነው ቱቦው የሚገጠመው፤ ቅደም ተከተሉን የረሳ ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል።

ማዞሪያውን በጣትዎ ያሽከርክሩ። ከተጣበቀ ወይም ካቦው ጎድጉዶ ቦይ ከሠራበት ይቀየር፤ የተጎረጎረ ማዞሪያ አዲሱን ካቦ በአጭር ጊዜ ያረጀዋል። በዚሁ አጋጣሚ ኪሉን ወደ ጎን ገፋ ገፋ አድርገው ይሞክሩት። ብዙ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ወፍራሙ ፒን ወይም ቀዳዳው ተበልቷል፤ ያ ሌላ ሥራ ነው፣ ግን አሁን ማወቁ ይጠቅማል።

ዊንቹ ላይ ሲጠመጥሙ አቅጣጫውን አይሳቱ። ፍሬን ያለው ዊንች የሚይዘው ካቦው በትክክለኛው በኩል ሲጠመጠም ብቻ ነው፤ በተቃራኒው ከተጠመጠመ እጀታው ሲለቀቅ ኪሉ አብሮ ይለቀቃል። ጥርሶቹን ግራሶ ይቀቡ፣ የፍሬኑን ገጽ ግን ቅባት አይንካው። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ካቦውን በእጅ ወጥረው (ጓንት አድርገው) ጎን ለጎን ያስይዟቸው።

መሞከሪያው ቀላል ነው። እንጨቱ ከኪሉ ሥር እንዳለ፣ ኪሉን ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ያንሱና እጀታውን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ዊንቹ ከያዘ ደቂቃዎች ይጠብቁ፣ የታችኛውን ፒንና እጅጌ ይመልከቱ። ከዚያ በኋላ ነው እስከ ላይ የሚነሳው። ኪሉ ሙሉ በሙሉ በወረደበት ቦታ ካቦው ላይ በቀለም ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያ ምልክት አልፎ የሚፈታ ካቦ ኪሉ ቤት ውስጥ ተጠማዝዞ ይቋጠራል።

ውሃ ላይ ከወጡ በኋላ ጀልባው ፍጥነት ሲያገኝ ከሥር «እምም» የሚል ድምፅ ቢሰሙ አይደንግጡ። ውሃ በተወጠረ ካቦ ዙሪያ ሲያልፍ ግራና ቀኝ እየተፈራረቀ ይሽከረከራል። በ5 ኖት (በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ያህል) ፍጥነት በእንዲህ ያለ ቀጭን ካቦ ላይ ይህ በሰከንድ መቶ ጊዜ ያህል ይሆናል፤ ያ ደግሞ ጆሮ በደንብ የሚሰማው ወፍራም ድምፅ ነው። ዊንቹን በግማሽ ዙር ማጥበቅ ወይም ማላላት ብዙ ጊዜ ድምፁን ይቀይረዋል ወይም ያጠፋዋል።

በተሳቢ ሲጓዙ ኪሉ ሁልጊዜ በማረፊያው እንጨት ላይ ይቀመጥ፣ ካቦውም ላላ ይበል። ወደብ ላይ ሲያድሩ ጥልቀቱ ከፈቀደ ኪሉን አውርደው ይተዉት። ጀልባው ወደ ውሃ በገባበት የመጀመሪያ ሰዓት ደግሞ ከደረጃው ሥር ያለውን ክዳን ከፍተው በቱቦው ታችኛ ፋሼታ ዙሪያ ደረቅ ወረቀት ይጠምጥሙ። ወረቀቱ ከረጠበ ፋሼታውን አሁኑኑ ያጥብቁ፤ እንደገና ከረጠበ ጀልባውን ወደ ተሳቢው ይመልሱት።